የሚሲዮን አዳሪዎች፤ ከሐረር ግንብ እስከ አርሲ ደጋ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በኢትዮጵያ ለወንዶች ልጆች ያቋቋሟቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጥቂትና አቅመ ደካማ፣ አብዛኞቹም ከዋና ከተማው የራቁ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ልጅን ከወላጆቹ ቤት አውጥቶ፣ በአንድ ግቢ አስተኝቶና መግቦ፣ በደወል እያነቁ ማስተማር የተባለው አሠራር ወደ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ትምህርት ከገባባቸው በሮች አንዱ እነዚሁ ቤቶች ናቸው። ስለ እነርሱ ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሰው የሐረሩ ሚሲዮን ሲሆን፣ ስሙም የሚነሣው ከዚያ በወጡ መምህራን እጅ ፈረንሳይኛ የተማሩት ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመሆናቸው ነው። ነገር ግን ተፈሪ በአባታቸው ግቢ ሆነው የተማሩ እንጂ በሚሲዮኑ ቤት ያደሩ አልነበሩም፤ በዚያ የሚያድሩት ወላጅ የሞተባቸው ሕፃናት፣ ከባርነት የተዋጁ ልጆችና ካቶሊክ የሆኑ የገበሬ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። የዚህ ትምህርት ታሪክ ምን እንደ ነበረ በትክክል የሚታወቀውም ከስመ ጥሩው ደቀ መዝሙር ይልቅ ስማቸው ባልገነነው አዳሪዎች በኩል ሲታይ ነው።

ከአሰላ በስተምሥራቅ በአርሲ ደጋ ላይ የምትገኘው ዲክሲስ ዛሬ ስንዴና ገብስ የሚታፈስባት ወረዳ ናት፤ በዚያ ዘመን ግን በዲክሲስም ሆነ በጠቅላላው የአርሲ ደጋ አንድም የካቶሊክ አዳሪ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ይህ ባዶነት ራሱ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሮም ካርታ ላይ አርሲ ከ1846 ጀምሮ በኦሮሞ ምድር በተቋቋመው ሐዋርያዊ ቪካሪየት ውስጥ ተካትቶ ነበር። ሐዋርያዊ ቪካሪየት ማለት ገና ሙሉ ሀገረ ስብከት ያልሆነ፣ አንድ ጳጳስ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም የሚያስተዳድረውና በቀጥታ ለሮም ተጠሪ የሆነ የስብከት ክልል ነው። ካርታው ሰፊ ነበር፤ በምድር ላይ የነበሩት ካህናት ግን እጅግ ጥቂት ከመሆናቸውም በላይ የሚኖሩት ስንቅ፣ ደብዳቤና ገንዘብ ከባሕር ሊደርስባቸው በሚችልበት የሲራራ ነጋዴ መንገድ ላይ ነበር። አርሲ በበኩሉ በራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ የተመሩትን ተደጋጋሚ ዘመቻዎች ለዓመታት ተቋቁሞ በ1886 ድል ከሆነ በኋላ የጦርነቱ ቁስል ያልሻረበት፣ መሬቱ በአዲስ ገዢዎችና በሰፋሪ ወታደሮች የተያዘበት አገር ነበር። የባዕድ ካህን በዚያ ገብቶ ልጆች ለመሰብሰብ የሚችልበት ሁኔታ አልነበረም።

ይህ ማለት ግን የአርሲ ልጅ ያለ ትምህርት ያድግ ነበር ማለት አይደለም። የኦሮሞው ልጅ በገዳ ሥርዓት ከእኩዮቹ ጋር እየተመደበ የሕጉን፣ የከብቱንና የዘር ሐረጉን እውቀት ከአዛውንት አፍ ይቀበል ነበር፤ በዚያው ዘመን እስልምና በደጋው እየተስፋፋ ስለ ነበርም ከሼህ እግር ሥር ተቀምጦ ቁርኣን የሚቀራው ደረሳ እየበዛ ሄዷል። ደረሳ ከቀዬው ርቆ የሚማር የእስልምና ትምህርት ተማሪ ሲሆን፣ ቀለቡም በአብዛኛው ከመንደሩ ሰዎች ቸርነት ይገኛል። ከሰሜን ከመጡት ሰፋሪዎች ጋር የገባው የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ተመሳሳይ ልማድ ነበረው። የቆሎ ተማሪ የሚባለው ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ የለመነውን ቁራሽ በልቶ፣ ሌሊቱን ከየኔታ ቤት አጠገብ በሠራት ጎጆ እያደረ፣ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጽሐፍ ቤት ይሻገራል። እንግዲህ ለትምህርት ሲባል ከቤት ርቆ ማደር ለኢትዮጵያ ክርስቲያንም ሆነ ለሙስሊም አዲስ ነገር አልነበረም።

አዲሱ ነገር ሌላ ነበር። የቆሎ ተማሪ መምህሩን ራሱ መርጦ ይሄዳል፣ ሲሻው ይለቃል፣ ቀለቡን ራሱ ያገኛል፣ ጊዜውን የሚለካው ባጠናቀቀው መጽሐፍ እንጂ በዓመት አይደለም፤ በካቶሊኩ አዳሪ ቤት ግን ምግቡ፣ ልብሱ፣ አልጋው፣ ሰዓቱና መውጫ ፈቃዱ ሁሉ በአንድ ተቋም እጅ ነው። ይህ አሠራር ከሩቅ የመጣ ነው። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ ያናወጣት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በትሬንት ከተማ ባደረገችው ጉባኤ በ1563 እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት ለክህነት የሚታጩ ልጆችን ከለጋ ዕድሜያቸው ጀምሮ ሰብስቦ የሚያሳድግበት ቤት እንዲያቋቁም ወሰነች። ይህ ቤት በኢትዮጵያ ካቶሊኮች ዘንድ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ይባላል። የጉባኤው አሳብ፣ ዓለም ልጁን ከመያዟ በፊት ቤተ ክርስቲያን ትያዘው የሚል ነበር፤ ታናሹ ዘርአ ክህነት ለልጆች፣ ታላቁ ደግሞ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ለሚማሩ ወጣቶች ተለይቶ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይና በኢጣሊያ አገሮች ይህ ዓይነት ቤት የሌለበት ሀገረ ስብከት ለማግኘት ያስቸግር ነበር።

በዚህ መልክ የሚመራ ቤት የቀኑ አካሄድ በየትም አገር ይመሳሰላል። ጎሕ ሳይቀድ ደወል ይደወላል፤ ልጆቹ ባንድ ሰፊ አዳራሽ ከተደረደሩት መኝታዎች ተነሥተው፣ ያለ ንግግር ታጥበውና ለብሰው፣ ለቅዳሴ ይሰለፋሉ። ከቅዳሴ በኋላ ቁርስ፣ ከቁርስ በኋላ ክፍል፣ በምሳ ሰዓት ሌላው እየበላ አንዱ ልጅ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ የቅዱሳንን ገድል ያነብባል፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ክፍል፣ የአትክልት ወይም የእጅ ሥራ፣ ጥናት፣ የማታ ጸሎት፣ ከዚያም እስከ ማግሥቱ ድረስ ዝምታ ይሆናል። ጨዋታም ቢሆን የተመደበ ሰዓት አለው፤ ልጆቹ ሲጫወቱም፣ ሲያጠኑም፣ ሲተኙም የሚመለከታቸው ተቆጣጣሪ አለ። ለኢትዮጵያዊ ልጅ ከሁሉ የሚከብደው የትምህርቱ ጥልቀት ሳይሆን ይህ ሰዓት በሰዓት የተቈራረጠ ኑሮ ይመስላል፤ በየኔታ ቤት ድካም እንጂ ሰዓት አልነበረምና።

ወደ ኢትዮጵያ ይህን ልማድ ያመጡት መጀመሪያ ሁለት ማኅበሮች ናቸው። በሰሜን በትግራይና በአካለ ጉዛይ ላዛሪስቶች የሚባሉት የቅዱስ ቪንሴንት ማኅበር ካህናት፣ በኦሮሞ ምድር ደግሞ ከፍራንሲስካውያን ወገን የሆኑት፣ ሻካራ ቡናማ ልብስ በገመድ ታጥቀው ጢማቸውን የሚያሳድጉት ካፑቺኖች ሠርተዋል። የካፑቺኖቹ አለቃ ጉልየልሞ ማሳያ፣ በአገሩ ስም አባ መስያስ፣ በ1846 ቪካር ሆነው ተሹመው ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ በ1852 ጉድሩ ደረሱ፤ ከዚያም እስከ ከፋ ዘለቁ። እርሳቸው በሄዱበት ሁሉ ልጆች ሰብስቦ በቤታቸው ማሳደግ የሥራቸው መሠረት ነበር፤ ምክንያቱም ባህሉን የሚያውቅና ቋንቋውን የሚናገር የአገር ተወላጅ ካህን ካልተገኘ ሚሲዮኑ በእንግዳ ሰው ብቻ እንደማይቆም ተረድተው ነበር። በመጀመሪያ ያገኟቸው ልጆች ግን ከጨዋ ቤተሰብ የመጡ አልነበሩም። የባሪያ ንግድ በጦፈበት አገር ሕፃናት በገበያ ይሸጡ ስለ ነበር ሚሲዮኑ ገንዘብ እየከፈለ ይዋጃቸው ነበር፤ ከእነዚሁ ልጆች መካከል የተመረጡትን ለማስተማር አባ መስያስ በ1860ዎቹ በፈረንሳይ በማርሴይ ከተማ ለኦሮሞ ወጣቶች ኮሌጅ አቋቁመው ነበር። የባሕሩ ጉዞና የአውሮፓ ብርድ ለእነዚያ ልጆች እጅግ የከበደ ነበርና አዳሪ ቤቱ በአገሩ ምድር መሆን እንዳለበት ከዚያ የተማሩት ይመስላል።

ለዚህ ሁሉ ወጪ የሚሆነው ገንዘብ ከየት ይመጣ እንደ ነበር ማወቅ የቤቱን ጠባይ ለመረዳት ይጠቅማል። በሊዮን ከተማ በ1822 የተመሠረተው የእምነት ማስፋፊያ ማኅበርና በ1843 በዚያው በፈረንሳይ የተቋቋመው የቅዱስ ሕፃንነት ማኅበር ከተራ ምእመናን፣ ሁለተኛውም ከትምህርት ቤት ልጆች ጭምር ሳንቲም እያጠራቀሙ ለሚሲዮኖች ይልኩ ነበር። ሰጪዎቹ የሚሰጡት ለሕፃናት ማሳደጊያ፣ ለባሮች መዋጃና ለድውያን መርጃ በመሆኑ ሚሲዮናውያኑም መጀመሪያ የሚሰበስቡት ሌላ ሰው ያልፈለገውን ልጅ ነበር። የአገሩ ጨዋ ሰው ልጁን ለፈረንጅ ካህን አሳልፎ አይሰጥም፤ የሙት ልጅና የተዋጀ ባሪያ ግን የሚከለክለው ወገን የለውም። እንዲህ ሆኖ በኢትዮጵያ የውጭ ቋንቋ የመማር ዕድል በተወሰነ ቦታ ከማኅበረሰቡ የመጨረሻ እርከን ላሉ ልጆች ቀድሞ ደረሰ።

አባ መስያስ በ1868 ወደ ሸዋ መጥተው ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ወዳጅነት ከመሠረቱ በኋላ ፊንፊኔ አካባቢ የሚሲዮን ቤት ተሰጣቸው፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ግን በ1879 ከአገር እንዲወጡ አዘዙ። ተከታያቸው አቡነ ቶረን ካኻኝ ከሸዋ ሲወጡ ፊታቸውን ያዞሩት በዚያን ጊዜ በግብጽ እጅ ወደ ነበረችው ሐረር ሲሆን፣ ሐረርም እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የካፑቺኖቹ ዋና ሰፈር ሆና ቀረች። ንጉሥ ምኒልክ በ1887 ሐረርን ይዘው የተፈሪን አባት ራስ መኰንንን በገዢነት ሲሾሙ ሚሲዮኑ አዲስ ወዳጅ አገኘ፤ አቡነ ቶረን በ1899 ሲያርፉም በ1900 አንድሬ ዣሮሶ የተባሉት፣ በ1858 በፈረንሳይ ቫንዴ ተወልደው ገና በወጣትነታቸው ወደ ሐረር የመጡት ካህን በምትካቸው ጳጳስ ሆኑ። የአገሩ ሰው አቡነ እንድርያስ ይላቸዋል።

የሐረሩ ሚሲዮን በአቡነ እንድርያስ ዘመን በጀጎል ግንብ ውስጥና ከግንቡ ውጭ በርካታ ሥራዎች የነበሩት ግቢ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያኑና ከወንዶቹ ቤት ሌላ አባ ማሪ በርናር የተባሉት ካፑቺን በ1901 የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንከባከቢያ አቋቋሙ፤ ከዚያው ሥራ ጋር ተያይዞ የተተከለው ማተሚያ መጀመሪያ የሕሙማኑን ቤት የሚመለከት ትንሽ መጽሔት፣ ከ1905 ጀምሮ ደግሞ «ለ ሰመር ዴትዮፒ» የተሰኘውን የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያትም ነበር። በኢትዮጵያ የሕትመት ታሪክ ውስጥ ይህ ቀደምት ቦታ ያለው ነው። የማተሚያ ቤት ሥራ የተማረ እጅ ይሻል፤ የእርሳስ ፊደል ለቃሚው ሠራተኛ ለፈረንሳይኛው ሃያ ስድስት ሆሄያት ያሉበትን ሣጥን፣ ለአማርኛው ደግሞ ሠላሳ ሦስቱ ሆሄያት በየሰባት ዘራቸው ተቆጥረው 231 የሚሆኑበትን ሣጥን በልቡ አውቆ፣ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ኋላ ዞሮ እያነበበ፣ መስመር በመስመር መደርደር አለበት። እንዲህ ያለውን ሥራ ሊሠራ የሚችለው በዚያ ዘመን ሐረር ከተማ ውስጥ ሁለቱንም ፊደል የቆጠረ ሰው ብቻ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ሰው የሚገኘውም በአብዛኛው በሚሲዮኑ አካባቢ ነበር።

ራስ መኰንን አውሮፓን በዓይናቸው ያዩ፣ የውጭ ቋንቋ ዕውቀት ለአገር የሚሰጠውን ጥቅም የተረዱ ሰው በመሆናቸው ልጃቸው ፈረንሳይኛ እንዲማር ፈለጉ። መጀመሪያ ከጓደሉፕ ደሴት የመጡት ሐኪም ዮሴፍ ቪታልየን አስተማሩት፤ ከዚያም አቡነ እንድርያስ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን የተባሉትን ኢትዮጵያዊ የካቶሊክ ካህን ሰጡ። ራስ መኰንን ልጃቸውን ወደ ሚሲዮኑ አልላኩም፤ ሚሲዮኑ መምህሩን ወደ እርሳቸው ግቢ ላከ። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። አዳሪው ልጅ ከመምህሩ ሃይማኖት፣ ከምግቡ፣ ከበዓሉና ከጸሎቱ ጋር ተቀላቅሎ ሲያድግ፣ የመኳንንቱ ልጅ ግን ቋንቋውን ብቻ ተቀብሎ በኦርቶዶክስ እምነቱና በቤቱ ሥርዓት ጸንቶ ይቀራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው አባ ሳሙኤልን በትልቅ አክብሮት አስታውሰዋቸዋል። አባ ሳሙኤል የሞቱት በ1915 በሐረማያ ሐይቅ ላይ ከተፈሪ ጋር የተሳፈሩበት ጀልባ በመስጠሙ ሲሆን፣ በዚያ አደጋ ሌሎችም ሰዎች ሲያልቁ ተፈሪ ተርፈዋል። አንድ ኢትዮጵያዊ የሚሲዮን ልጅ ተምሮ መምህር ለመሆንና የነገውን ንጉሠ ነገሥት ለማስተማር መብቃቱ የአዳሪ ቤቱ ትልቁ ፍሬ ተብሎ ቢቆጠር የሚበዛበት አይደለም።

የሰሜኑ አዳሪ ቤት ከሐረሩ በአንድ ዋና ነገር ይለያል። ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 አድዋ ከደረሱ በኋላ በአዲግራት አጠገብ በጓላ ለአገር ተወላጅ ካህናት ማሠልጠኛ ሲያቋቁሙ፣ ልጆቹ የላቲንን ሥርዓት እንዲይዙ አላስገደዱም፤ በግእዝ እንዲቀድሱ፣ እንደ አገሩ ካህናት እንዲለብሱና እንዲጾሙ ፈቀዱ። የእርሳቸው ተከታዮች በኢሮብ ምድር በአሊቴና ያቆዩት ዘርአ ክህነትም በዚሁ መንገድ ቀጠለ። በመሆኑም በአሊቴና ያደገ ልጅ ላቲንና ፈረንሳይኛ ቢማርም ዋናውን ጸሎቱን የሚያደርሰው አያቶቹ በሚያውቁት በግእዝ ነበር፤ በሐረር ያደገው ግን ቅዳሴውን የሚያገለግለው በላቲን ቋንቋ ነበር። ካፑቺኖቹ ለዚህ ምክንያት ነበራቸው፤ የሚያስተምሩት የኦሮሞ ሕዝብ ግእዝን እንደ ራሱ ቅርስ የሚቆጥር ባለመሆኑ አንዱን እንግዳ ቋንቋ በሌላ እንግዳ ቋንቋ መተካቱ ለውጥ አያመጣም ብለው ያስቡ ነበር። ከውጤቱ ሲታይ ግን የአሊቴናው መንገድ ለልጁ ይበልጥ የራራ ነበር፤ ወደ መንደሩ ሲመለስ ወላጆቹ የሚያውቁትን ዜማ ይዞ ይመለሳልና።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ የሚያሳዝን ነገር አለ። አባ መስያስ በ1867 በፓሪስ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው አሳትመው ነበር፤ ካፑቺኖቹም ለስብከት ሲሉ ኦሮምኛን በሚገባ ያጠኑ ነበሩ። የኦሮሞ ልጆች በሚያድሩበት ቤት ግን ለከፍተኛ ትምህርት የተመረጠው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። በዚያው ዘመን በስዊድን የወንጌላውያን ሚሲዮን በኩል ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 ለሕትመት አብቅቷል፤ ካቶሊኮቹ የቋንቋውን እውቀት ቀድመው ይዘው ሳለ በልጆቹ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ቦታ አለመስጠታቸው የሥራቸው ትልቁ ጉድለት ነው።

ፈረንሳይኛ የተመረጠበት ምክንያት ግን ሃይማኖት ብቻ አልነበረም፤ ገበያውም ይፈልገው ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በእነዚያ ዓመታት የባቡሩ ኩባንያ፣ ጉምሩኩ፣ ፖስታ ቤቱና የቆንስላ ጽሕፈት ቤቶቹ ፈረንሳይኛ የሚያነብ ጸሐፊ፣ መጋዘን ጠባቂ፣ አስተርጓሚና የቴሌግራፍ ሠራተኛ ይሹ ነበር። በፈረንሳይ በኩል ደግሞ መምህራን የሚያስወጣ ነገር ተፈጠረ፤ በ1901 የወጣው የማኅበራት ሕግና በ1904 የወጣው የመነኮሳት ማኅበራት እንዳያስተምሩ የሚከለክለው ሕግ በሺዎች የሚቆጠሩ አስተማሪ መነኮሳትን ከገዛ አገራቸው ትምህርት ቤቶች አባረረ። ከእነዚህ ማኅበሮች አንዱ የሆነው የቅዱስ ገብርኤል ወንድሞች ማኅበር በኢትዮጵያም ለማስተማር በቅቷል። ወንድም የሚባለው ክህነት ሳይቀበል የምንኩስናን መሐላ የሚፈጽምና ሕይወቱን ለማስተማር የሚሰጥ ሰው ነው። ፓሪስ ላይ የወጣ አንድ ሕግ ለኢትዮጵያ ልጆች መምህር ማስገኘቱ በሕጉ አውጪዎች አሳብ ውስጥ የነበረ አይደለም።

የኢትዮጵያ መንግሥት ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ይመለከት ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉ በኋላ አገሪቱ የገባችበት የእርስ በርስ እልቂት፣ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ማስረከባቸውና ያን እምነት ይሰብኩ የነበሩት የየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ከአገር መባረር በቤተ ክህነቱ ዘንድ ያልተረሳ ነገር ነው። ስለዚህ ዐፄ ምኒልክ በ1908 የመጀመሪያውን የመንግሥት ዘመናዊ ትምህርት ቤት በስማቸው ሲከፍቱ፣ ፈረንሳይኛ ዋና የውጭ ቋንቋ እንዲሆን ቢፈቅዱም መምህራኑን ያስመጡት ከፈረንሳይ ሚሲዮን ሳይሆን በሐና ሳሊብ ከሚመሩት የግብጽ ኮፕት ክርስቲያኖች ነበር። ኮፕቶቹ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ እምነት ስላላቸው ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሊቃወሙ አልቻሉም። የካቶሊክ አዳሪ ቤቶች ለመኳንንት ልጆች ሳይሆኑ የቀሩበት ምክንያት ከዚህ ፍርሃት የመነጨ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት የነበረው እንጂ ከንቱ አልነበረም፤ ቤቶቹ የተቋቋሙት ቀጥታ እምነትን ለማስተማር ነበርና።

ለአዳሪው ልጅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። በስምንትና በዘጠኝ ዓመቱ ወደ ግቢው የገባ የተዋጀ ልጅ ምግብና መጠለያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነፃነት አገኘ፤ ማንበብና መጻፍ ተማረ፤ ሲያድግ ሥራ የሚያገኝበት ቋንቋ ያዘ። በዚያው ልክ ከወገኑ ተለየ። በአብዛኛው ኦርቶዶክስና ሙስሊም በሆነ አገር ካቶሊክ ሆኖ ማደግ ማለት የጋብቻው፣ የመቃብሩና የማኅበሩ ነገር ሁሉ ከጥቂቶች ጋር ተወስኖ መቅረት ነው። ቤቱ በቅጣትም የሚመራ ነበር፤ አለንጋና በጉልበት መንበርከክ በዚያ ዘመን አውሮፓም ሆነ በየኔታ ቤት የተለመደ ነበርና እንደ ነውር አይታይም ነበር። ክህነት ላይ ሳይደርስ መንገዱን ያቋረጠው ልጅ ደግሞ ብዙ ነው፤ ዘርአ ክህነት ከሚያስገባቸው የሚያስወጣቸው ካህናት ሁልጊዜ እጅግ ያነሱ ናቸው፤ የአገሪቱ ቀደምት አስተርጓሚዎችና ጸሐፊዎች ከእነዚሁ መካከል የተገኙ መሆናቸው የታወቀ ነው። ሚሲዮኑ ለካህንነት ያሳደገው ልጅ ለባቡሩና ለፖስታ ቤቱ ዋለ። ካህናቱ ይህን እንደ ኪሳራ ይቆጥሩት ነበር፤ ለአገሪቱ ግን ከተገኙት ካህናት የማያንስ ጥቅም ሰጥቷል።

ከክህነት የደረሱት ደግሞ ከፍ ያለ ትምህርት የሚያገኙበት መንገድ በ1919 ተከፈተ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 15ኛ፣ ከአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ያርፉበት በነበረው፣ ሮም ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ስፍራ፣ የኢትዮጵያ ጳጳሳዊ ኮሌጅን አቋቋሙ። ተከታያቸው ፒዮስ 11ኛ በ1930 ገደማ በቫቲካን የአትክልት ስፍራ ውስጥ አዲስ ሕንፃ አሠሩለት፤ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ የራሱ ኮሌጅ ያለው ሕዝብ የኢትዮጵያ ሕዝብ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያው በ1930 ኪዳነ ማርያም ካሣ የግእዝ ሥርዓት ለሚከተሉ የኤርትራ ካቶሊኮች ጳጳስ ሆነው ሮም ላይ ተሾሙ፤ ደ ያቆቢስ በጓላ የጀመሩት ሥራ ወደ ጵጵስና የደረሰ የአገር ልጅ ለማየት ከስምንት ዓሥርት ዓመታት በላይ ወሰደበት።

የአዳሪነቱን አሠራር ወደ መንግሥት ትምህርት ያሻገረው የ1925ቱ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። አልጋ ወራሹ ተፈሪ በራሳቸው ገንዘብ ባሠሩት በዚህ ቤት ልጆች እያደሩ፣ በሰዓት እየተመሩ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ይማሩ ነበር፤ የሐረሩን ሚሲዮን ግቢ በልጅነታቸው ያዩት ሰው አዳሪ ቤት ለልጅ የሚሰጠውን ትኩረት ያውቁ ነበር። በ1936 የኢጣሊያ ወረራ ይህን ሁሉ አቋረጠ፤ የሐረሩ ቪካሪየት ከፈረንሳዮች ወደ ኢጣሊያ ካፑቺኖች እጅ ተላለፈ፤ አቡነ እንድርያስም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ካገለገሉበት አገር ወጥተው በ1941 ቱሉዝ ላይ አረፉ።

ከነፃነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሁለት ነገሮችን አደረጉ። በ1944 ሚሲዮኖች የሚሠሩባቸውን ቦታዎች የሚወስን፣ ማስተማሪያ ቋንቋውም አማርኛ እንዲሆን የሚያዝ ድንጋጌ አወጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ከካናዳ ኩቤክ ለመጡ የየሱሳውያን ማኅበር አባላት ሰጡ። ከሦስት ምዕተ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ የተባረረው ማኅበር ሲመለስ ግን አባላቱ የካህን ልብስ ሳይለብሱ፣ ሃይማኖት ሳያስተምሩ፣ እንደ ተራ መምህራን ለመሥራት ተስማምተው ነበር። አለቃቸው ሉስየን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የሚሲዮኑ አዳሪ ቤት ሥርዓት፣ ሰዓትና ጥናት እንዳሉ ቆይተው፣ የተቋቋመበት ዋና ዓላማ የነበረው ስብከት ብቻ ተለይቶ ወጣለት ማለት ነው።

የአርሲ ደጋ ከዚህ ታሪክ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በጋምቦ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንከባከቢያ፣ በአሰላና በሌሎች ከተሞች ቤተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶች ተተከሉ፤ ኮንሶላታ የሚባለው የኢጣሊያ ሚሲዮናውያን ማኅበር በክልሉ ሠራ፤ በ1980 አርሲና ምሥራቅ ሸዋ ከሐረር ተለይተው የመቂ ሐዋርያዊ ፕሬፌክቱር የተባለ የስብከት ክልል ሆኑ። የአርሲ ገጠር ልጅ ግን የሚያውቀው አዳሪነት ከዚህ የተለየ ነው። በወረዳው የሌለውን ክፍል ለመማር ወደ ከተማ ወርዶ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር ጠባብ ክፍል ይከራያል፤ ቅዳሜ ወደ ቀዬው ወጥቶ ለሳምንቱ የሚሆን በሶና ዱቄት ይዞ ይመለሳል፤ ማታ ማታ ራሱ አብስሎ፣ ሰዓቱን ራሱ ወስኖ ያጠናል፤ የሚያነቃው ደወልም የሚጠብቀው ተቆጣጣሪም የለውም። በአዳማ በሚገኘው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ደግሞ ምግቡ፣ መኝታውና የጥናት ሰዓቱ ተሟልቶለት የሚገባው በፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ ነው። የሐረሩ ግቢ ሲከፈት በሩ የሚገባውን ልጅ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ የሚያሳድገው ሰው ማጣቱን።